አራት ምስክር የሚጠየቀው ማን ነው?

 

ይህ ርዕስ ለጁሙዓ ቀን ከበድ ይላል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ሱረቱ አን-ኑርን የምንቀራ ሰዎች ግን በዚህ ጉዳይ ልናፍር አይገባንም። አላህ (ሱ.ወ) ራሱ በግልጽ ቃል የደነገገበት ነውና።

ከወጣቶች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። አጠያየቁ ይለያያል፣ ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፦ «ኡስታዝ፣ አንዲት ሴት ተደፈርኩ ብላ ብትከስ በሸሪዓ አራት ምስክር ማምጣት አለባት አይደል? ካላመጣች ደግሞ በቀዝፍ ሰማንያ ትገረፋለች አይደል?» አንዳንዱ እውነቱን ለማወቅ ይጠይቃል። አንዳንዱ ዲኑን ለመተቸት ይጠይቃል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ እሱ አይጠይቅም፣ እርግጠኛ ሆኖ ለሌላው ያስተምራል። እሱን የሰማች ልጅ አራት ምስክር የላትምና አፏን ይዛ ትቀመጣለች። የዲኗ ሕግ እንዲህ የሚል መስሏት።

መልሱ አይደለም ነው። ለምን እንዳልሆነ ለመረዳት ግን ከማስረጃው በፊት ትርጉሙን ማየት ያስፈልጋል። ጥያቄው ዚናንና አስገድዶ መድፈርን አንድ አድርጎ ይጀምራል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አካላዊ ድርጊቱ ብቻ ነው። ሺህ ብር ከአንተ ኪስ ወጥቶ ሌላ ሰው ኪስ ገባ እንበል። ስጦታ ሊሆን ይችላል፣ ብድር ሊሆን ይችላል፣ ዝርፊያም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታይ ብሩ ቦታ ቀየረ፣ በቃ። ዳኛው ግን «ፈቅደህ ነው ወይስ ተቀምተህ?» ብሎ ሳይጠይቅ አንድ እርምጃ መሄድ አይችልም። ተዘረፍኩ ብሎ የመጣን ሰው «ስጦታ መስጠትህን አምነሃል ማለት ነው» የሚል ዳኛ ቢኖር ምን እንለዋለን?

አሁን ወደ አራቱ ምስክሮች እንምጣ። በሱረቱ አን-ኑር 4ኛው አንቀጽ አላህ የሚናገረው ጥብቅ የሆኑ ሴቶችን በዚና ስለሚወነጅሉ ሰዎች ነው። አራት ምስክር ካላመጡ ሰማንያ ግርፋት ይገረፋሉ፣ ምስክርነታቸውም ከእንግዲህ አይሰማም። ጥቂት ወረድ ብሎ በ13ኛው አንቀጽ ላይ ያው ጥያቄ እንደገና ይመጣል፤ አራት ምስክር ለምን አላመጡም ተብለው የሚወቀሱት በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ ወሬ ያዛመቱት ናቸው። የኢፍክን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ሐብሏ ጠፍቶባት ስትፈልግ ከጉዞው ወደ ኋላ ቀረች፣ ሶፍዋን (ረ.ዐ) አግኝቷት በግመሉ አድርሷት መጣ፣ ከዚያ መዲና ለአንድ ወር ያህል በሐሜት ታመሰች። አንቀጾቹ የወረዱት ያን ሐሜት ለመዝጋት ነው።

እስቲ ልብ በሉ፤ አራት ምስክር አምጡ የተባለው ማን ነው? ስለ ሰው ክብር የሚያወራው። የሚጠበቀውስ ማን ነው? የሚወራባት ሴት። በሴት ላይ የሚከፈት አፍ እንዲዘጋ የወረደ ድንጋጌ፣ በኛ ዘመን የተበደለች ሴት አፏን እንድትዘጋ ሲጠቀስ መስማት ያማል።

መስፈርቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የፊቅህ ኪታቦችን የቀራ ያውቃል። አራቱም ድርጊቱን ራሱን፣ የኩል መኳያው ብልቃጡ ውስጥ ሲገባ እንደሚታየው ያለ ጥርጥር ማየት አለባቸው። አብረው ሲገቡ አየሁ፣ በሩ ተዘግቶ ነበር፣ ድምፅ ሰማሁ ማለት አይበቃም። በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን ሦስት ሰዎች መስክረው አራተኛው ያየውን በእርግጠኝነት መናገር ስላልቻለ፣ የተገረፉት ሦስቱ ምስክሮች ናቸው። ማዒዝ (ረ.ዐ) በራሱ እግር መጥቶ ሲናዘዝ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊታቸውን ደጋግመው አዞሩበት፣ ምናልባት ስመህ ብቻ ይሆናል አሉት፣ አእምሮው ጤነኛ መሆኑንም አጣሩ። ሰው በፈቃዱ ከሰው ተደብቆ የሠራውን ኃጢአት በተመለከተ ሸሪዓው የሚያሳድድ መርማሪ አላቆመም። በርን በሚያንኳኳና በሚሰልል ሰው ላይ ነው የከበደው።

ዚና በፊቅህ ሲተረጎም ደግሞ ከሚሟሉት ነገሮች አንዱ ኢኽቲያር ነው፤ ማለትም አድራጊው በገዛ ምርጫው ያደረገው መሆን አለበት። ምርጫ ከሌለ በተገደደው ሰው ላይ ዚና የሚባል ነገር አልተፈጸመም። ስለዚህ ተገድጃለሁ የምትል ሴት ዚና ፈጸምኩ ማለቷ አይደለም። ተበደልኩ ነው የምትለው። ስታለቅስ ወደ ዳኛ የመጣች ከሳሽ ነች።

ይህን ሐሳብ ብቻ አድርገን እንዳንተወው አንድ ታሪክ እንይ። ዋኢል ኢብኑ ሑጅር (ረ.ዐ) አስተላልፈውት አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንዲት ሴት ለሶላት ወጣች። መንገድ ላይ አንድ ሰው ጥቃት አደረሰባት። ስትጮህ ሮጦ አመለጠ። በዚያው ሌላ ሰው ሲያልፍ እሱ ነው አለች። ከሙሃጂሮች የተወሰኑ ሰዎች ደረሱ፣ እሱን ያዙት፣ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አመጡት፣ እሷም አዎ እሱ ነው አለች። ሊቀጣ ሲል እውነተኛው አጥቂ ተነስቶ ያደረግሁት እኔ ነኝ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሴቲቱ አላህ እንደማራት ነግረው አሰናበቷት፣ በስህተት ለተያዘው ሰውም መልካም ቃል ተናገሩት። በአጥቂው መጨረሻ ላይ ዘገባዎቹ ይለያያሉ፣ ዑለማኦችም ስለ ዝርዝሩ ብዙ ተነጋግረዋል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ግን በታሪኩ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። አራት ምስክር አምጪ አልተባለችም። በዚያ ሰዓት ለምን ብቻሽን ወጣሽ፣ ምን ለብሰሽ ነበር ያላት የለም። ሰው አሳስታ ጠቁማ እንኳ በቀዝፍ አልተገረፈችም። በሌላ በኩል ደግሞ ንጹሕ ሰው ለቅጣት አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሰውየው ሊረዳት ያለፈም ቢሆን መንገደኛ፣ ዕጣው በአንድ ሰው ቃልና በሰዎች ጥድፊያ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ታሪክ ሁለቱንም አደጋዎች ይዟል፤ የተበደለችን አለማመንና ያልበደለን መቅጣት። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያይ ሰው በማስረጃ ጉዳይ ባይናገር ይሻላል።

ታዲያ ፉቀሃኦቹ ምን አደረጉት? ኢማሙ ማሊክ በሙወጦእ ውስጥ ተገድዳ ለተደፈረች ሴት ለብቻው ርዕስ ሰጥተዋል። አስገዳጁ መህሯን ይከፍላል፣ ቅጣትም አለበት፣ በእሷ ላይ ግን ምንም የለባትም። አንዳሉሳዊው ኢብኑ ዐብዲል በር ዑለማኦች የተስማሙበትን ሲያጠቃልሉ፣ በደፋሪው ላይ ለሐድ የሚበቃ ማስረጃ ከተገኘ ሐዱ እንደሚፈጸምበት፣ ያ ካልተሟላ ደግሞ ዳኛው በተዕዚር እንደሚቀጣው ገልጸዋል። መገደዷ በምን ይታወቃል ለሚለውም መጮኋንና ሰው ድረሱልኝ ማለቷን ጠቅሰዋል። አያችሁ፣ እዚህ ጋር ማስረጃው ሌላ ዓይነት ሆኗል።

የሴቪያው ቃዲ አቡበክር ኢብኑል ዐረቢይ (በ543 ሒጅራ የሞቱት) ደግሞ ከዚያ አልፈው ሄደዋል። ዳኛ በነበሩበት ጊዜ ሽፍቶች መንገደኞችን ያዙና አንዲትን ሴት ከባሏ እጅ ነጥቀው ወሰዱ። ሽፍቶቹ ተይዘው ሲቀርቡ፣ የተጠየቁት ሙፍቲዎች ይህ ሒራባ አይባልም፣ ሒራባ በንብረት ላይ እንጂ በሴት ገላ ላይ አይደለም አሉ። ቃዲው በጣም ተቆጡ። ሰው ሁሉ ንብረቱ ቢዘረፍ ይመርጣል እንጂ ሚስቱና ልጁ ዓይኑ እያየ ብትወሰድ አይመርጥም አሉ፣ ከሒራባም የከፋ ቅጣት ቢኖር ለዚህ በተገባ ነበር አሉ። ይህን ጉዳይ ያነሳሁት ቁጣቸው ስለሚያስደስተኝ ብቻ አይደለም (ባይካድም ያስደስተኛል)። ድርጊቱ ከዚና መዝገብ ወጥቶ ወደ ሽፍትነት መዝገብ ሲገባ የምስክሩ ቁጥርም አብሮ ይቀየራል። ሒራባ በሁለት ምስክር የሚረጋገጥ ነው። አንድን ድርጊት በምን ስም እንደምትጠራው፣ እንዴት እንደምታረጋግጠው ይወስናል።

ምስክር ጨርሶ ከሌለስ? አብዛኛው ጥቃት የሚፈጸመው ሰው በሌለበት ነው። ኢብኑል ቀይም አጥ-ጡሩቅ አል-ሑክሚያ በተባለው ኪታባቸው ይህን ጉዳይ በሰፊው ይሞግታሉ። ለእሳቸው በይና ማለት እውነቱን የሚገልጥ ነገር ሁሉ ነው፤ ሁለት ወይም አራት ሰው ማለት ብቻ አይደለም። ዳኛ ዓይኑ እያየ ምልክቶችን ቢያልፍ የሰው ሐቅ ያጠፋል፣ በጥርጣሬ ብቻ ቢፈርድም ይበድላል። ከሚጠቅሷቸው ማስረጃዎች ትልቁ ሁላችሁም የምታውቁት የነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ቀሚስ ነው።

ሱረቱ ዩሱፍን በዚህ ዓይን አንብባችሁት ታውቃላችሁ? በተዘጋ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በር ላይ ከባሏ ጋር ሲገጣጠሙ እሷ ከሳሽ ሆነች፣ እሱ ካደ። ቃል በቃል ላይ ቆመ። ከቤተሰቧ የሆነ ሰው ፍርዱን ከቃላቸው ላይ አንስቶ ቀሚሱ ላይ አደረገው። ከፊት ከተቀደደ እሷ እውነት ተናግራለች፣ ከኋላ ከተቀደደ እሱ። ተመለከቱት፣ ከኋላ ተቀድዷል። ልብ በሉ፤ መመዘኛው ቀሚሱ ከመታየቱ በፊት ለሁለቱም ወገን ተነገረ። ሴት ናትና ትዋሻለች አልተባለም፤ ባሪያ ነውና ያደርገዋልም አልተባለም። ደግሞ ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ምልክቶቹን ሁሉ ካዩ በኋላ ዩሱፍን እስር ቤት አስገቡት። ማስረጃ ጠፍቶ አልነበረም። የትልቅ ቤት ስም መዳን ስለነበረበት ነው። ዛሬም ብዙ መዝገብ የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው፣ ተከሳሹ ባለጸጋ ሲሆን ወይም ሰው የሚያከብረው ሲሆን። ኡስታዝ ሲሆንም ጭምር። መድረሳ ላይ ልጅ፣ ሴትም ወንድም፣ ከኡስታዝ ጋር ብቻውን የሚቀመጥበትን ልማድ ወላጆች ቢጠይቁበት የዲን ንቀት አድርገን መውሰድ የለብንም።

ወደ ግዳጅ ትርጉም ልመለስ፣ ምክንያቱም ዛሬ ሙግቱ ያለው እዚህ ነው። «አልተመታችም»፣ «አልጮኸችም»፣ «እምቢ አላለችም» ይባላል። መጮህ መገደድን ያሳያል፤ አለመጮህ ግን መፍቀድን አያሳይም። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን አንዲት ሴት በምድረ በዳ ውሃ ጥም ሊገድላት ሲል አንድ እረኛ አገኘች። ገላሽን ካልሰጠሽኝ ውሃ አልሰጥም አላት። ሰጠችው። ጉዳዩ ሲቀርብ ዑመር (ረ.ዐ) ሰዎችን አማከሩ፣ ዐሊይ (ረ.ዐ) ይህች የተገደደች ናት፣ ልቀቋት አሉ፤ ተለቀቀች። እረኛው እጁን አላነሳባትም። እሷም «እሺ» ብላለች። ያ እሺታ ግን ፈቃድ ተብሎ አልተቆጠረም። በሥራ ማባረር ማስፈራራት፣ ፎቶሽን እለቃለሁ ማለት፣ ፓስፖርት ይዞ ማስቀረት፣ ከዚያ እረኛ ውሃ በምን ይለያል?

ዝምታን በተመለከተ ደግሞ አንድ ሐዲስ ያለቦታው ሲጠቀስ እሰማለሁ፤ የልጃገረድ ፈቃዷ ዝምታዋ ነው የሚለው። ይህ ለኒካሕ ስለመጠየቅ የመጣ ነው። ቤተሰቧ መሐል ሆና፣ ሳትፈራ፣ በወልይዋ ስትጠየቅ ሐያእ ይዟት ዝም ስላለች ልጅ ነው። ያም ሆኖ ኸንሳእ ቢንት ኺዛም (ረ.ዐ) ሳትፈልግ አባቷ ሲድሯት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቤት ብላ ጋብቻው ፈርሶላታል። የሻፊዒይ መዝሀብ ፉቀሃኦች ደግሞ ዝም ላለ ሰው ንግግር አይለጠፍለትም የሚል ቃዒዳ አላቸው። በፍርሃት ሰውነቷ ደርቆ፣ ድምጿ ተዘግቶ የቀረች ልጅን ዝምታ እንደ ሙሽራ ዝምታ መቁጠር ፊቅህ አይደለም። ሰውነት በድንጋጤ መደንዘዙ በሕክምናም የታወቀ ነገር ነው።

ሁለቱ ሕጎች ሲቀላቀሉ ምን እንደሚመጣ በቅርብ ታሪክ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1979 የጄኔራል ዚያ-ኡል-ሐቅ መንግሥት በፓኪስታን የሑዱድ ድንጋጌዎችን ሲያወጣ ዚናንና አስገድዶ መድፈርን በአንድ ድንጋጌ ውስጥ አስቀመጣቸው፤ ለሐድ የሚጠየቀው ማስረጃም ለሁለቱም አራት ወንድ ምስክር ሆነ። ተደፈርኩ ብላ የመጣች ሴት ወንጀሉን ማስረዳት ካልቻለች፣ ግንኙነት መኖሩን በራሷ አንደበት እንዳመነች ተደርጎ ልትቆጠር ትችል ነበር። በ1983 ዓይኗ ከሞላ ጎደል የማያይ ወጣት የቤት ሠራተኛ አረገዘች። አሠሪዋና ልጁ እንደደፈሯት ተናገረች። እነሱ በማስረጃ እጦት ነፃ ወጡ፤ እሷ ሦስት ዓመት እስር፣ 15 ግርፋትና መቀጮ ተፈረደባት። ፍርዱን የሻረው የፌዴራሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤት መሆኑን ግን አትርሱ። ስህተቱን በሸሪዓ ሚዛን ያረሙትም የሸሪዓ ዳኞች ናቸው። አስገድዶ መድፈር ከዚያ ድንጋጌ ወጥቶ ወደ መደበኛው የወንጀል ሕግ የተመለሰው በ2006 ነው፤ 27 ዓመት ማለት ነው።

እርግዝናን እንደ ማስረጃ መቁጠር በማሊኪያ መዝሀብ ያለ አቋም ነው፤ ባል የሌላት ሴት መገደዷን የሚያሳይ ምልክት ካላቀረበች ይያዝባታል። በሀገራችን የተስፋፉት ሻፊዒያና ሐነፊያ ግን በእርግዝና ብቻ ሐድ አይፈርዱም። ጥርጣሬ ሐድን ይመልሳልና፣ ከመገደድ በላይ ምን ጥርጣሬ አለ? ይህ የኪታብ ክርክር ብቻ አይደለም። በአንዳንድ የባሕረ ሰላጤው ሀገራት በሰው ቤት ሠራተኛ ሆነው አርግዘው የተገኙ የውጭ ሀገር ሴቶች ሲታሰሩ ኖረዋል። ከኛ ሰፈር የሄዱ እህቶቻችን ያሉት በዚያው ነው። አን-ኑር 33ኛው አንቀጽ በእጃቸው ሥር ያሉ ሴቶችን ስለሚያስገድዱ ሰዎች ተናግሮ፣ ከተገደዱ በኋላ አላህ መሐሪና አዛኝ መሆኑን ይገልጻል። ወቀሳው ወደ ማን፣ ምሕረቱ ወደ ማን እንደሄደ ተመልከቱ።

በሀገራችን ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተወሰነ ነው። ኒካሕ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ውርስ፣ ወቅፍና የመሳሰለው ነው የሚቀርብላቸው፣ ወንጀል አይደለም። ስለዚህ «ጉዳዩን በሸሪዓ እንጨርሰው» የሚላችሁ ሰው የሌለ በር እያሳያችሁ ነው። ወንጀሉ የሚታየው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 620 ዐቃቤ ሕግ እንዲያስረዳ የሚፈልጋቸው ነገሮች ውስብስብ አይደሉም፦ ከጋብቻ ውጭ የሆነ የግብረ ሥጋ ግንኙነት መፈጸሙ፣ ይህም በኃይል፣ በከባድ ዛቻ፣ ወይም ሴቲቱን ራሷን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል በማድረግ መሆኑ። ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለች ከሆነች ወይም አጥቂዎቹ በኅብረት ከሆኑ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል፤ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ዕድሜ ልክ። ከ13 ዓመት በታች ለሆነች ሕፃን ደግሞ በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው። ልጆች ላይ «ፈቅዳ ነው» የሚለው መከላከያ አይሠራም። የአራት ምስክር ነገር የትም የለም። «ከጋብቻ ውጭ» የሚለው ሐረግ ግን ሚስቱን በኃይል የሚያስገድድን ባል ከዚህ አንቀጽ ያወጣዋል። ሚስቶቻችሁን በመልካም ተኗኗሩ የሚለውን ትእዛዝ የምናውቅ ሰዎች ሕጉ ዝም ስላለ ሐላል ሆነ አንበል።

ሌላው የምወደው ለውጥ ጠለፋን የሚመለከተው ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ከክስ የሚያመልጥበት መንገድ ነበረው። በአዲሱ ሕግ አንቀጽ 587 ይህ ቀርቷል። ሽማግሌ ልከው «ያግባትና ስሟ ይሸፈን» የሚሉ ቤተሰቦች ግን አሁንም አሉ፣ ከእኛም መሐል። ይህን ሰትር ይሉታል። የሙስሊምን ነውር መሸፈን ታላቅ ኢባዳ ነው፤ ግን ሰትር በራሱና በጌታው መካከል ላጠፋ ሰው ነው። የሌላ ሰው ሐቅ የወሰደን መሸፈን ለበዳይ ጉልበት መስጠት ነው፤ ነገም ሌላዋን ይደግማል።

ማስረጃውን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ሰው የሚጠይቀው የድንግልና ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ምርመራ እንዲቀር የጠየቁት፣ ሴት ግንኙነት ማድረግ አለማድረጓን የሚያሳይ ሳይንሳዊ መሠረት ስለሌለው ነው። መደፈርንማ ጭራሽ አያሳይም። ባለትዳር ሴት፣ የተፈታች ሴት፣ ከዚህ በፊት ዚና ላይ የወደቀች ሴትም ትደፈራለች። ያለፈ ኃጢአቷ የዛሬውን በደል ሐላል አያደርገውም።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። ቴሌግራም ላይ የአንድ ወንድም ፎቶና ስም «ደፋሪ ነው» ተብሎ ተለቀቀ እንበል። ወይም የአንዲት እህት ቪዲዮ ተበተነ። እዚህ ጋር አን-ኑር በቀጥታ ወደኛ ይናገራል። ተበዳይዋ አቤት የማለት መብት አላት፤ በሱረቱ አን-ኒሳእ 148ኛው አንቀጽ አላህ ክፉን በአደባባይ መናገር ሲጠላ የተበደለን ሰው ለይቶ አውጥቷል። እኔና አንተ ግን የተበደልነው እኛ አይደለንም፣ ያየነውም ነገር የለም። እሷ ፖሊስ ጋር ስትሄድ የምትሠራው ሥራና እኛ «ሼር» ስንጫን የምንሠራው ሥራ አንድ አይደለም። ያ በዋኢል ሐዲስ ውስጥ በስህተት የተያዘው ሰው ፎቶው በዚያ ምሽት ቢሰራጭ ኖሮ፣ የእውነተኛው አጥቂ ኑዛዜ በጠዋቱ ይደርስለት ነበር? ተከሳሽ እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብቱን ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 20 አስቀምጦታል። ይህን መብት ማክበር ከሳሿን ውሸታም ማለት አይደለም። «ፍርድ ቤት ይየው» ማለትና «ዋሽታ ነው» ማለት የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፣ ግን በኮሜንት ላይ በአንድ ትንፋሽ ሲጻፉ አያለሁ።

እህትህ፣ ጓደኛሽ፣ የዶርም ልጅ መጥታ ይህ ደረሰብኝ ብትል ዳኛ እንድትሆኑ አልተጠየቃችሁም። ዳኛ ያጣራል፣ ይጠራጠራል፣ ያ ሥራው ነው። እናንተ ሐኪም ጋር ማድረስ ነው የሚጠበቅባችሁ። ከኤችአይቪ የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለ። የለበሰችው ልብስ አይታጠብ፣ በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። የተላኩ መልእክቶችና የስልክ ጥሪዎች አይጥፉ።

አንድ ነገር ደግሞ እኛን ሙስሊሞችን ይመለከታል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ልጅ መጀመሪያ የምታስበው መታጠብ ነው፤ ቆሽሻለሁ ትላለች፣ ሶላትም ያስጨንቃታል። በፊቅህ የጀናባ ትጥበትን የሶላቱ ወቅት እስኪጠብ ማዘግየት ይቻላል፣ ጥፋትም የለበትም። ሐኪም እስኪያያት አትታጠብ። ታጥባ ከመጣችም አበላሸሽው አትበሏት፤ ሌላ ማስረጃ ሊኖር ይችላል፣ ሕክምናውም ያስፈልጋታል። በመንገድ ላይ ምስክር አለሽ ወይ ብላችሁ አትጠይቋት።

ወላሁ አዕለም።